ሾተላይና ማጭድ

እህቴ እትዬ አስካለ ባለፈው ሰኞ ማለዳ አርፈዋል። በጀጎል ውስጥም በውጭም ላላችሁ ወዳጆቻቸው ይህን ማርዳት በእኔ ላይ ወደቀ። የወሰዳቸው ትኩሳት ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በለቅሶው ድንኳን የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። «ሾተላዩ ተበቀላቸው» ተባለ። በገዛ ቤታችን።

እትዬ በከተማው ሐኪም ቤት ማዋለድ ተምረው ዕድሜያቸውን የፈጁት በድሬ ጠያራ በኩል ባለ የቡና እርሻ ነበር። እዚያ ሕፃን ሳምንት ሳይሞላው መንጋጋው ይቆለፋል፤ ጡት አልይዝ ይላል፤ ደርቆ ይሞታል። ሰው እናቲቱን «ሾተላይ አለባት» ይላል፤ ባሏም ይፈታታል። እትዬ ግን እትብት የተቆረጠበትን፣ ከበረት የመጣውን የሣር ማጭድ ያነሡና «ይኸው ሾተላያችሁ፤ እጀታም አለው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርሁ። ፋጡማ የምትባል ወሯ የገባ ሴት ዘንቢል ሙሉ ቡና ተሸክማለች።

«አውርድላት» አሉት የለቃሚዎቹን አለቃ።

«እትዬ፣ የቀላ ቡና እሷን ይጠብቃል እንዴ?»

«አንተንም እናትህ ለቀማ ላይ ጥላህ መሆን አለበት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዘንቢሉ ግን አልወረደም። ፋጡማ እዚያው ቡናው ሥር ከቀኗ ቀድማ ወለደች። እትዬ መቀሳቸውን ቀቅለው እትብቱን ቆረጡ። አማቷ የፋጡማን እንገር መሬት ላይ አልባ ልጁን ቅቤ ልታውጠው ስትል እጇን ያዙ።

«እማማ፣ ለጥጃ ያልነፈጋችሁትን ለልጅ ትነፍጋላችሁ?»

ልጁ ተረፈ። ታዲያ ምን ተባለ? «አስካለ ሾተላዩን ወደ ራሳቸው ወሰዱት» ተባለ። ልጅ ሲሞት ሾተላይ፣ ልጅ ሲድንም ሾተላይ። ከዚህ ጋር እንዴት ይከራከሯል?

በሣልስቱ ፋጡማ ልጇን ይዛ ልታስተዛዝነን መጣች። «አላህ ይማራቸው» ብላ ጥቂት ከተቀመጠች በኋላ፣ «መቀሳቸውን ስጠኝ፤ ጎረቤቴ ወሯ ገብቷል» አለችኝ።

ከድንኳኑ አንዱ፣ «የሾተላይ ዕቃ ነው፣ ይቀበር» አለ። መቀሱን ሰጠኋትና «መጀመሪያ ግን...» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አውቃለሁ። የሚቀቀልበትንም ድስት አምጣ።»

እትዬ፣ መቀስዎ ከነድስቱ ወደ እርሻው ተመልሷል። ማጭዱም እዚያው ነው፤ አለቃውም እዚያው ነው። እርስዎ ሥራ ሳያልቅ መቀመጥ አይወዱም ነበር። ይሁን፣ እህቴ። አሁን እንኳ ይረፉ።