ኦፒየው እምቢ ያለ ቀን

ሱቄ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከአንግሊካኖቹ ጸሎት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሆዳን እባላለሁ፤ ሙስሊም ነኝ፤ ግን እሁድ እሁድ መዝሙራቸውን እየሰማሁ ስለኖርኩ ቄሳቸው አዲስ አበባ እንደሚኖሩና ብቅ የሚሉት አልፎ አልፎ እንደሆነ ከእነሱ እኩል አውቃለሁ። ቄሱ በሌሉበት ጸሎቱን የሚመራው ኦፒየው ነው። የጋምቤላ ልጅ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ይሰፋል። እሁድ በሩን ይከፍታል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። "ሌላ ሰው እስኪገኝ" ብለው የሰጡት ሥራ ነበር። ሌላ ሰው መፈለግ ግን ማንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

ሚስቱ አሪየት ከልጆቻቸው ጋር ጋምቤላ ናት። ዘንድሮ እዚያው ሥራ አገኘችለት፤ ወሩ ሳያልቅ ካልመጣ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ትንሿ ልጁ በስልክ ፊቱን ስታይ ባዕድ ሆኖባት ትደበቃለች። ይህን ሲነግረኝ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ፈገግ ብሎ ነበር። ያ ፈገግታው ነው የሚያናድደኝ።

"አቦ፣ ቁልፉን ጥለህላቸው ሂድ!" አልኩት።

"ያለ ተረካቢ?" አለ። "ሰው መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይቅር?"

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እነሱ ዘንድ ሲሾሙ "አይገባኝም" ማለት ወግ ነው። እንዲያውም ያላለ ይታማል። ኦፒየውም በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ተነስቶ በቃኝ ይላል፤ እነሱም "አይ ትሕትና!" ብለው መልሰው ይሾሙታል። የምሩን ይሆናል ብሎ የጠረጠረ የለም።

ባለፈው እሁድ ስብሰባቸው ነበር፤ ቄሱም መጥተዋል። ከመግባቱ በፊት ሱቄ በር ላይ አለማመድኩት።

"አንገትህን አትድፋ። አትሳቅ። አልችልም፣ እሄዳለሁ በልና ተቀመጥ። ወላሂ አንድ ቃል እንዳትጨምር!"

"እሺ እህቴ" አለኝ።

ያዘዙኝን ለስላሳ ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ተነሳ። "አልችልም። ወደ ቤተሰቤ እሄዳለሁ" አለ። አንገቱን አልደፋም፣ አልሳቀም። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። ሊቀመጥ ሲል ግን እንባው መጣ።

እንባው ገደለው። አንዲት አሮጊት እልል አሉ። ቄሱም "እንዲህ ያለ አገልጋይ ከየት ይገኛል?" ብለው ተነሱ፤ አንበርክከው እጃቸውን ጫኑበትና ጸለዩለት። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ።

"የምሩን ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው በፈገግታ አዩኝ። "እናውቃለን ልጄ፤ ለዚህ እኮ ነው የምንወደው።"

ስብሰባው ሲበተን ኦፒየው ሱቄ መጥቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። "አሪየት እየጠበቀች ነው። እኔ አልችልም፤ አንቺ ንገሪያት።"

ደወልኩላት። "እምቢ አለ ወይ?" አለች ገና ሰላም ሳልላት።

"ብሏል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"እነሱስ?"

ምን ልበላት? "አጨበጨቡ" አልኩ።

 

"የሥራው ሰዎች ነገ መልስ ይጠብቃሉ" አለች። "ለሌላ ስጡት እላቸዋለሁ። ለእሱ ደግሞ፣ ከእንግዲህ እመጣለሁ እንዳይለኝ ንገሪልኝ።"

ዘጋችው። ኦፒየው አጠገቤ ቆሞ "ምን አለች?" ይለኛል።