ዘጠኝ ቀን ዙሪክ

ጠበቃዬ ከሕንድ ስትደውል ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ አደባባይ ቆሜ ትራም እየጠበቅሁ ነበር። ፍቺ አልፈልግም ብያታለሁ። ጋብቻዬ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ተቆጥሮ እንዲሰረዝልኝ ነው የፈለግሁት። ፈት መባልን እፈራ ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ያኔ ግን ከእሱ የባሰ የምፈራው ነገር አልነበረም።

«ባልሽ ልጅ እንዳለው ካወቅሽ በኋላ አብረሽው ኖረሻል?» አለችኝ። «እያወቅሽ በፈቃድሽ ከኖርሽ፣ ዳኛው ተታለልኩ ብትዪ አይሰማሽም።»

ትራሙ መጣ፤ አልተሳፈርኩም። «ነገ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት።

ባሌን ያገባሁት ሕንድ አገር ተማሪዎች ሳለን ነው። ላጤ ነኝ፣ ልጅም የለኝም ብሎኝ በመዝጋቢ ፊት ተፈራረምን። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ቤት መመለስ ስላስፈራን እሱ ዙሪክ፣ እኔ ጄኔቫ ገባን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር እሄድለታለሁ። አንዱን ቅዳሜ ስልኩን ሳነሳ አንዲት ሕፃን ከአዲስ አበባ «አባዬ የለም?» አለችኝ። አግብቶ የፈታ፣ የወለደም ኖሯል። ሻንጣዬን ይዤ ጄኔቫ ተመለስኩ።

እዚያ ላይ ባበቃ! ግን ሀበሻ ያለ ሽማግሌ መች ይለያያል? እንደ አባት የማያቸው ጋሼ፣ እዚያው ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ የሚኖሩ ጡረተኛ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ዙሪክ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። ባሌ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ለእኛ ስትዪ» አሉኝ። እሺ ይበልጣል ከሺ ተብዬ አይደል ያደግሁት፣ እሺ አልኩ። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምተኛው፤ በአሥረኛው ቀን አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

ከትራም ፌርማታው በቀጥታ ካሩዥ ሄጄ የጠበቃዋን ጥያቄ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«አልኖርኩም በያት» አሉኝ። «እኛም ብንጠየቅ አላየንም እንላለን።»

ከጠበቃዋ ጥያቄ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። እኚህ ሰው የኪዳነ ምሕረትን ዝክር እንኳ በአንድ ቀን አዛብተው የማይናገሩ፣ ውሸት የማያውቁ ናቸው። ደግሞስ ባሌ ራሱ አፉን ቢከፍት? ሦስት ሽማግሌ ሐሰተኛ ላስብል?

ጠዋት ለጠበቃዋ ደወልኩ። «ዘጠኝ ቀን» አልኳት።

«እንግዲያው የቀረሽ ፍቺ ነው» አለች።

ለጋሼ ሄጄ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ሽማግሌ ይቅርታ ያስጠይቃል እንጂ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም።

«ሕንድ አይደለም የዳረሽ፣ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ዙሪክ መልሰን የዳርንሽ እኛ ነን፤ ይቅር በዪን።»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው። አላጽናናኋቸውም።