የቅዳሜ ውታፍ

መኪናዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትታመም ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከዘንዘልማ ወደ ሥራ ስታመላልሰኝ ምንም አይላትም። ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ጭኜ ወደ ጣና ዳር ስወጣ ግን ነዳጅ ስሰጣት ታጓራለች እንጂ አትሄድም። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ባጃጆች ክላክስ እያደረጉ ያልፉናል። አንዱማ ሦስት ሴቶችና አንድ ፍየል ጭኖ ነው ያለፈን።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ዳር የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔ ዘንድ መጡ። ያቺን አሮጌ መኪና የገዛሁትም በሳምንት አንድ ቀን ጓደኞቻቸው ዘንድ እንዳደርሳቸው ብዬ ነው። እዚያ ዋርካ ሥር ተቀምጠው የሰው ጀልባ ሲያሙ ይውላሉ። ሳምንቱን የሚገፉት በዚያች ቀን ነው። ቅዳሜ ሱብሒ ሰግደው መኪናዋን አጥበው፣ ኮፈኗን ከፍተው አቧራዋን ጠርገው ይጠብቁኛል።

ባለፍየሉ ባጃጅ ያለፈን ቀን አፌ አላረፈም። «አባባ፣ ከብደዋታል መሰለኝ» አልኳቸው እየሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው አልነሣም አሉ።

«ሂጂ ልጄ። እኔ ለሰውም ለዕቃም መክበድ አልፈልግም።»

ብለምን ብለምን እንቢ አሉ። ብቻዬን ወደ ገበያ ወጣሁ፤ መኪናዋ ይባስ ብላ እንደ ጥይት ሄደች። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሁለት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። አባቴ ደጅ ተቀምጠው የሚያልፈውን ባጃጅ ሲያዩ አንጀቴን በሉት።

በሥራ ቀን መካኒክ ዘንድ ብወስዳት አገላብጦ አየና ምንም የላትም አለኝ። «አምስት ሰው ልትጭን ተሠርታ አንድ ሽማግሌ እንዴት ይከብዳታል? በምትታመምበት ቀን፣ አባትሽን እንደጫንሽ አምጪልኝ።»

መካኒኩ አይቷት ወደ ሐይቁ እንቀጥላለን ብዬ አባቴን በመከራ አስነሣኋቸው። እንደ ልማዳቸው አጠቡ፣ ጠረጉ፣ ወጣን። መኪናዋም እንደ ልማዷ እያቃሰተች ጋራዡ ደረሰች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተና እጁን ከፊት መብራቱ ኋላ ሰደደ። ከዋንዛ የተጠረበ፣ በጥጥ ጨርቅ የተጠቀለለ ውታፍ ይዞ ወጣ።

«አንተ! እሱን አትንቀል!» አሉ አባቴ ከመኪናዋ እየወረዱ። «ገና ዳር አልደረስነም እኮ!»

ሁለታችንም አፍጥጠን አየናቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ? ጀልባ ወደ ውኃ ሲገባ ውታፉ ይገባል፤ ሲመለስ ውኃው እንዲወርድ ይነቀላል። መጀመሪያ ኮፈኗን ከፍቼ ስጠርግ ነው ቀዳዳውን ያየሁት። ወደ ውኃ እየሄድን ክፍት ይተዋል? ስንመለስ እነቅልላታለሁ።»

መካኒኩ ሳቁን ዋጠ። «አባባ፣ እርስዎ የደፈኑት አፍንጫዋን ነው። በዚህ የገባው አየር እዚህ ሣጥን ውስጥ አቧራውን ጥሎ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ ከራሱ እጅግ የሚበልጥ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንስ ጉልበቷም ያንሳል፣ ያልነደደውም ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጨርቁ ትንሽ ትንሽ ባያሾልክማ ከናካቴው አትነሣም ነበር።»

አባቴ ውታፋቸውን ተቀብለው ገቡ። መኪናዋ ገና ስነካት ተፈተለከች። ሁለት ባጃጅ አለፍን፤ እኔም ክላክስ አደረግሁ፣ አልዋሽም። ሐይቁ ሲታይ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያ የከበድኋት እኔ አይደለሁማ?»

«አይደሉም አባባ። ያን ቀልድ በመቀለዴ ይቅር ይበሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። መሪውን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ፤ ደስታ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ቀድመው ገብተው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ውታፉን ከጭናቸው ላይ አንሥተው ያሳዩኛል።

«ይኸው፣ ወጥቷል። ንጂ።»