ያለ ትኩሳት የመጣ ወባ

ግራ ጎኔ ሲያብጥ ወባ ነው ብዬ ራሴን መረመርኩ፣ ራሴንም አከምኩ። ሰመራ ቢሮ ተቀምጬ ዓመታት የቆጠርኩ ደገኛ ነኝ፤ በአዋሽ ሸለቆ የኖረ ሰው ጣፊያው ቢያብጥ ምን ይደንቃል? ወባ ጣፊያ እንደሚያሳብጥ እዚህ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ከፋርማሲ ክኒን ገዝቼ ዋጥኩ፤ አልሻል ሲለኝ ደገምኩ። ባለቤቴ «ሐኪም ይይህ» ስትለኝ «እኔ ለወባ አዲስ ነኝ እንዴ?» እላት ነበር። ግትርነቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋር ለሥራ አዋሽ ሄድን። አፋር ነው፤ መስክ ላይ ከርሞ ስለነበር ከተያየን ሰንብተናል። ምሳ ቀርቦ ሁለቴ ጎርሼ እጄን ስሰበስብ አየኝና «ዳጉ ንገረኝ» አለ። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ወግ ነው፤ የተጠየቀ ሰው የሚያውቀውን ሳይሸሽግም ሳይጨምርም ይናገራል። እኔ «ሰላም ነው፣ ትንሽ ወባ ነው» ብዬ ላልፍ ነበር። እሱ መች ሊለቀኝ!

«ትኩሳት አለህ?»

«የለኝም።»

«ብርድ ብርድ ይልሃል?»

«ኧረ የለም።»

«ደምህን አዩት?»

«አልተመረመርኩም።»

«ታዲያ ወባ ነው ያለህ ማነው?»

«እኔው።»

«ወላሂ፣ የማታውቀውን ነው የነገርከኝ። ይሄ ነውር ነው» አለኝ። አልሳቀም።

ስንመለስ ቤቴ አላወረደኝም፤ በቀጥታ ዱብቲ ሆስፒታል ወሰደኝ። በአልትራሳውንድ ያየኝ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። ጣፊያዬ ውስጥ ዕጢ በቅሎ ነበር። «ከሌላ ቦታ ተነሥቶ ጣፊያ የሚደርስ አለ፤ ከራሱ ከጣፊያ የሚነሣ ግን ብርቅ ነው» አሉኝ የአዲስ አበባዋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። በብርቅነቱ መኩራት አልቻልኩም፤ ፈራሁ። ዕጢው ከጣፊያው አልፎ ካልወጣ እተርፋለሁ። ከወጣስ? እሱን ሳይጨርሱት ቀሩ።

ጣፊያዬን አወጡት። ሰው ያለ ጣፊያ መኖር እንደሚችል የተማርኩት ያኔ ነው። የወጣው ጣፊያ የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ እኔና ባለቤቴ ከነገ ያለፈ ነገር አናወራም ነበር። «ለፋሲካ» ብላ ትጀምርና ትተወዋለች።

በቀጠሮው ቀን ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሟ ወረቀቱን አንብበው፣ ዕጢው ከጣፊያው እንዳልወጣ፣ ከእንግዲህ ክትትል ብቻ እንደሚያስፈልገኝ ነገሩኝ። ስወጣ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ልነግራት ፈልጌ አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«ከስድስት ወር በኋላ ቀጠሮ አለኝ።»

በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

«ከስድስት ወር በኋላ?» አለችኝ።

ደግሜ ነገርኳት።