እናቴ ነጠላ ያለበሰችው ቆጣሪ

«ጋሼ፣ ይህ አሮጌ ቆጣሪ ከተቋረጠ ስንት ዘመኑ! ነቅዬ ልጣልልዎት?» አለኝ ዛሬ ጠዋት አዲስ ቆጣሪ ሊገጥም የመጣው ባለሙያ።

«ተው ልጄ፣ እሱን አትንካው» አልኩት።

በጣሊያን ጊዜ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በዚሁ ቤታችን የተሰቀለ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር፣ የእነሱንም ልብስ እንዲሰፋ ጣሊያኖቹ መብራት አስገቡለት።

እናቴ ቆጣሪውን ሊሰቅል ከመጣው ጣሊያን ጋር የነበረውን አስተርጓሚ «ምንድን ነው የሚቆጥረው?» ብትለው፣ «ወደ ቤት የሚገባውን ሁሉ» አላት። እሱ ኤሌክትሪኩን ማለቱ ነበር፤ እሷ ሰው መሰላት። (የሰዋስው መምህር ነበርኩና ልፍረድ፦ ጥፋቱ የአስተርጓሚው ነው።)

ታናሽ ወንድሟ አርበኛ ነበር። በገበያ ቀን ከጮቄ ወርዶ፣ ከገበያተኛው ተቀላቅሎ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ በር ላይ አቁማው ነጠላዋን ቆጣሪው ላይ ትጥላለች።

«በል ግባ፣ አሁን አይቆጥርህም።»

«እታለም፣ ጣሊያን ያልቆጠረኝን ይህ ሳጥን ሊቆጥረኝ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ነጠላ መጣሉን ተወች። «አሁን ሲመጣ ይቁጠረው» አለች።

አልመጣም። የቆጣሪው ነገር ኋላ ቢገባትም፣ እስክትሞት ድረስ በየገበያው ቀን መስታወቱን ትወለውል ነበር።

አዲሱ ቆጣሪ ከጎኑ ተገጠመ። እናንተስ ቤት «አትንኩት» የሚባለው አሮጌ ዕቃ ማንን ይጠብቃል?