የአስካል ኮሚቴ

ሚስቴ ሰብለ ስትናደድ አትጮህም፤ ልብስ ታጥባለች። የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች። በዚያ ዓመት የቤታችን ልብስ ሁሉ ቀለሙን ለቀቀ። እኔ ከጂንካ ቀይ አፈር ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ። ማታ ደክሞኝ ስገባ ጓሮ አጎንብሳ ካየኋት፣ «ዛሬ ደግሞ ከስብሰባው ማን ቀረ?» እላታለሁ።

ሰብለ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቃ ጂንካ ስትመደብ፣ እንደ ሌላው ተመዳቢ ሁሉ ዓይኗ ዝውውር ላይ ነበር። እኔ አገኘኋትና ቀረች። እሷ ግን «ያስቀረኝ ሥራው ነው» ትላለች፤ ለእኔ ክብር መስጠት ይከብዳታል። የምታስተምረው አራተኛ ክፍል ነው። ከሰባ የማያንሱ ልጆች ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ይታጨቃሉ። ዝናብ ሲመጣ መምህሩ የሚያስተምረው ራሱን ብቻ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ክፍሏ ውስጥ አስካል የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ ኤርጎ ከከተማው በላይ ካለው ዳገት እንሰትና በቆሎ የሚያርስ የአሪ ገበሬ ነው። ልጅቷ አራተኛ ክፍልን ስትደግም ነው። ለብቻዋ ቀስ ብለህ ብትነግራት አጥርታ ትመልሳለች። ክፍሉ ሲንጫጫ ግን ትጠፋለች። «መጽሐፍ ዝጉ» ሲባል ትገልጣለች፤ «ቁሙ» ሲባል ዙሪያዋን አይታ ከሁሉ በኋላ ትነሣለች። ልጆቹ ይስቁባታል፤ መምህራኑ «ደንቆሮ» ይሏታል። አቶ ኤርጎ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፦ «ዘንድሮ ከወደቀች ቀይ አፈር እህቴ ጋ ትሄዳለች። ሻይ ቤት አላት፤ ዕቃ ታጥባለች።»

ሰብለ ነገሩን ያስረዳችኝ እራት ላይ ነው። «ጆሮዋ ይሰማል፤ አእምሮዋ ነው የሰማውን መለየት የሚቸግረው። ጫጫታ ካለ ቃሉ ከጫጫታው አይለይላትም» አለችኝ።

«መናኸሪያ ውስጥ በስልክ እንደመነጋገር?»

«አዎ፤ ዕድሜ ልክህን መናኸሪያ ውስጥ ብትቀመጥስ?»

ታዲያ ለምን አትናገሪም ብላት፣ ይህ አንድ ሰው ብቻውን ቆርጦ የሚናገረው ነገር እንዳልሆነ ነገረችኝ። ጆሮዋን የሚያይ የጤና ባለሙያ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የሚያነጋግራት፣ ቤት ውስጥ የሚያውቃት፣ ክፍል ውስጥ የሚያስተምራት፣ እነዚህ ሁሉ ባንድ ላይ ተቀምጠው ያዩትን ማጋጠም አለባቸው። ባንድ ላይ! ሰው እንዴት አራት ሰው ማስቀመጥ ያቅተዋል ብዬ ሳቅኩባት። ሳቄ ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አነጋገረች። ያኔ ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነው፤ ልጆቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው እኩል ያወራሉ። ለአስካል ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም። ሰብለ ከቡድኑ አውጥታ ፊት ልታስቀምጣት ብትጠይቅ፣ «አደረጃጀት ማፍረስ አይቻልም። የልጅቷ ችግር ቋንቋ ነው፤ አሪኛ ተናጋሪ ናት፤ አማርኛ ስትለምድ ይስተካከላል» አላት።

ሆስፒታል ያለው የጆሮ ነርስ ፋንታሁን መረመራት። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ችኩል። «ጆሮዋ ከኔም ከአንቺም ይሻላል። ጤነኛ ናት» ብሎ ጻፈላት። ሰብለ ወረቀቱን ይዛ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ብትሄድ፣ ጤነኛ ከሆነች ድጋፍ ለምን ያስፈልጋታል ተባለች። ልጅቷን እንዲያግዛት የለመነችው ወረቀት ልጅቷን ከድጋፍ አስወጣት። ያን ቀን መጋረጃውንም አጠበችው።

ከሁሉ የባሰው የዶላሞ ነገር ነው። ዶላሞ የአሪኛ ቋንቋ መምህር ነው፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወንበሩ ከሰብለ ወንበር ጎን ነው። አስካል በአሪኛ ክፍለ ጊዜ እንዴት ናት ብላ ብትጠይቀው፣ «ኧረ እሷማ ምንም አትሰማም! እኔማ አማርኛ ስለለመደች አሪኛው የጠፋባት መስሎኝ ነው» አላት።

አያችሁ? በአማርኛ የሚያስተምሩት ጥፋቱን አሪኛ ላይ፣ የአሪኛው መምህር አማርኛ ላይ ሲያላክኩ ሁለት ዓመት አለፈ። እዚህ አገር ባለ ብዙ ቋንቋ መሆናችን ኩራታችን ነው፤ ለስንፍናም እንዲህ ይመቻል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ አንዳቸው ሌላውን አልጠየቁም። እኔ መሐይሙ እንኳ ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ አራቱን ማገናኘት ተጀመረ። ፋንታሁን ሲገኝ ዶላሞ ስልጠና ላይ ነው። ዶላሞ ሲመለስ ፋንታሁን የክትባት ዘመቻ ወጥቷል። ሁለቱ ሲገኙ አቶ ኤርጎ ዘር ላይ ነው። ስብሰባ በተባለ ቁጥር ግን ሁሉም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት አይረሱም። ድሩ ሳይፈተል አንበሳው አረጀ። በመጨረሻ ታክቶኝ አንድ ቀን ሥራዬን ተውኩና በሚኒባሴ ዞሬ ለቀምኳቸው። ፋንታሁንን ከነጋዋኑ አወጣሁት፤ አቶ ኤርጎን ከማሳው ከነጭቃ እግሩ ይዤው መጣሁ።

ሰብለ ንግግር አላደረገችም። መስኮቱን ዘጋችና ዶላሞ አስካልን በአሪኛ እንዲያነጋግራት ጠየቀችው። ስለ ላማቸው ጠየቃት፤ ልጅቷ እየሳቀች ጥጃዋ እንዴት ከበረት እንዳመለጠች አወራችው። ቀጥሎ ዕረፍት ተደወለ፤ ሰብለ መስኮቱን በረገደችው፤ የግቢው ጩኸት ገባ። ዶላሞ ያንኑ ጥያቄ ደገመላት። አስካል ፊቷ ተለወጠ። ነገሩ እንዳልገባው ሰው አፉን አፉን አየችው፤ ቀጥላም ያልተጠየቀችውን መለሰች።

ፋንታሁን፣ «እኔ የመረመርኳት እኮ ጸጥ ባለ ክፍል ነው» አለ ቀስ ብሎ።

አቶ ኤርጎ ኮፍያውን አወለቀ። «ገበያ ላይ እጠራታለሁ፤ ዝም ትላለች። ንቃኝ ነው ብዬ እገርፋታለሁ። ብዙ ጊዜ ገርፌያታለሁ» አለ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ያን ቀን ሥራ ተከፋፈሉ። ርዕሰ መምህሩም ተጠርቶ መጣና ተስማማ። አስካል ከቡድኑ ወጥታ ፊት ትቀመጥ። ዶላሞ ጠዋት ጠዋት የቀኑን አዳዲስ ቃላት አስቀድሞ ይንገራት። ፋንታሁን አዲስ ወረቀት ይጻፍ። አባትየው ዱላውን ትቶ ፊት ለፊቷ ቆሞ ያናግራት። ፈተናውን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለብቻዋ ትፈተን፤ ወረቀት ማባዣው ስለተበላሸ ጥያቄው በቃል ነው የሚነበበው።

ጥቂት ሳምንታት ሰብለ ስትስቅ አየኋት። አስካል ሰሌዳ ላይ ወጥታ ክፍልፋይ ሠራች፤ እጇን ማውጣት ጀመረች። ልብስ ማጠብ ወደ እኔ ዞረ፤ ቅር አላለኝም።

ከዚያ ኮሚቴው ከሰፌድ እንደተደፋ እህል ተበተነ። ዶላሞን ዞኑ ለመጽሐፍ ዝግጅት ወሰደው። ፋንታሁን ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለው ዱስ ለዘመቻ ወረደ፤ ወረቀቱን «ስመለስ» እንዳለ ቀረ። ለፈተና መምህራን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይቀያየራሉ፤ ሰብለም ሌላ ቦታ ተመደበች። ልቅር ብላ ብትለምን፣ ስለ አስካል ተስማምተን ነበር ብትል፣ ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ወረቀቱ አልደረሰኝም። ለአንዷ ክፍል ከሰጠሁ ሌላው ወላጅ ምን ይለኛል?» አላት።

በፈተናው ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እቤት ሆኜ እሰማ ነበር። የማታውቃት መምህርት ከፊት ቆማ አነበበች፤ አስካል ግማሹን ባዶ ሰጠች።

ውጤት በተሰጠ ዕለት አቶ ኤርጎ እቤታችን ድረስ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«መምህርት፣ የዚያን ቀን ለእኔ አንድ ሥራ ሰጣችሁኝ። ዱላ ተው አላችሁ፤ ተውኩ። ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም። እኔ ያልተማርኩ ነኝ። እናንተስ፣ የተማራችሁት፣ ሥራችሁን ለምን አልሠራችሁም?»

ፋንታሁንም ዶላሞም አልነበሩም፤ የሁሉንም ድርሻ ሰብለ ብቻዋን ተቀበለች። አንድ ዓመት ብቻ እንዲጨምርላት ለመነችው። «ምን ላድርግ? ቃል ቃል ነው። ሌሎችም ልጆች አሉኝ» ብሎ ሄደ። እሷ ለልብስ ማጠቢያ ውኃ እንኳ አልቀዳችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። አስካልን ትንሽ ፌስታል አስይዞ ወደ እኔ ሚኒባስ ያመጣት አባቷ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚያውቀው ሾፌር እኔን ብቻ ነዋ። ጋቢና አስቀመጥኳት። ከኋላ ሰው፣ ዶሮና ጆንያ ሞልቷል። ዳገቱን እየወጣን አንድ ነገር ተናገረች፤ እኔ አልሰማኋትም። «ምን አልሽ?» ብላት እሷም አልሰማችኝም። መንገድ ዳር ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ወደ እሷ ዞሬ ደግሜ ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ መስከረም ላይ ትመልሰኛለህ?» አለች።

ምን ልበላት? ልመልሳት መኪናው አለኝ፤ ወዴት ነው የምመልሳት? ከኋላ ተሳፋሪው «ሾፌር፣ ገበያው ሊበተን ነው!» እያለ ጣሪያውን ይደበድባል። እሷ ከንፈሬን እያየች መልሴን ትጠብቅ ነበር።