«ቃሏ ይበቃል» ያሉን ዳኛ ክፍሌ

ዳኛ ክፍሌ ወልደ ጻድቅ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ደብረ ብርሃን ልጃቸው ቤት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አርፈዋል። የደወለችልኝ ልጃቸው ናት፤ ገና «እትዬ ዘነበች» ስትል ገባኝ። በማግስቱ አስከሬናቸው ወደ መንዝ መጣ። ውርጩ አጥንት የሚሰብርበት ሰሞን ቢሆንም ከሞላሌም ከመሐል ሜዳም ሰው በሚኒባስ እየተጫነ ደረሰ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የት እንደ ተወለዱ፣ የት እንደ ተማሩ፣ ስንት ዓመት በዳኝነት እንዳገለገሉ ሰማን። ሁሉም እውነት ነው። እኔ የምጽፈው ግን በዚያ ቀን ያልተነበበውን ነው። በታይፒስትነት፣ ኋላም በሬጅስትራርነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁና ያየሁትን ለሚያውቋቸው ሁሉ መናገር ይገባኛል።

ችሎት ላይ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ባላገር ፊታቸው ቆሞ ሲንተባተብ «ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ቀኑ ገና ነው» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይ ማን እንደ ሆነ ያስጠይቁኝና የእርሱን መዝገብ ያስቀድማሉ። መንገዱ ገደል ነው፤ ሳይመሽበት ቤቱ ይግባ የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

አሮጌው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሚሠራበት የመጨረሻ ጊዜ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተከሳ ቀረበች። ስሟን አልጽፍም፤ እናቷ በሕይወት አሉ። ከጊሼ መጥታ በከተማችን ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የቤቱ ጌታ አስገድዶ አስረገዛት። ፅንሱን ልታስወርድላት አንዲት ሴት የእንጨት ሥር በማኅፀኗ አስገባችባት፤ ደም ሲፈሳት ጎረቤት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሳት፤ በስንት መከራ ተረፈች። እንደ ዳነች ፖሊስ ተረከባት። በሰውዬው ላይ ምስክር አልተገኘምና አልተከሰሰም። ሥሩን ያስገባችው ሴትም አገር ጥላ ጠፋች። ተከሳሽ ሆና የቆመችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

ዳኛው ድርጊቱን ፈጽመሻል ወይ ብለው ጠየቋት፤ ቀና ሳትል «አዎ» አለች። ችሎቱን አቋርጠው ወደ እኔ ክፍል ገቡና የሕጉን መጽሐፍ ገልጠው ብዙ ቆዩ።

«ተደፍራ ከሆነ ቅጣቱን አቅልል ይለኛል እንጂ ልቀቃት አይለኝም» አሉኝ።

የሚቻላቸውን ያህል ዝቅ አድርገው ሦስት ወር እስራት ፈረዱባት። ፍርዱን እኔ ተየብኩት። በሳምንቱ ከቤታቸው ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ጠቅልለው አመጡና እስር ቤት እንዳደርስላት ሰጡኝ። «ከማን ነው ካለችሽ ካንቺ ነው በያት። ከፈረደባት ሰው እንደ መጣ ካወቀች አይሞቃትም» አሉ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ አዲሱ የወንጀል ሕግ ወጣ። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ጋሽ ክፍሌ መጽሐፉን እንደ ያዙ ቆመው ያነባሉ። ጠሩኝና አንዱን ገጽ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ዓይናቸውን አላመኑትም ነበር። ሴቲቱ ተደፍራ ወይም የቅርብ ዘመዷ አስረግዟት ከሆነ፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ፅንሱ የማይድን ጉድለት ካለበት፣ ወይም እርሷው ራሷ ገና ልጅ ሆና ልጅ ለማሳደግ ካልደረሰች፣ በሐኪም እጅ ማቋረጡ አያስቀጣም ይላል። ተደፍሬአለሁ የምትለዋን ደግሞ ማስረጃ አምጪ አትባልም፤ ቃሏ ይበቃል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጋሽ ክፍሌ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ያችን ልጅ ሄደን እንነግራታለን። ክረምቱ ይውጣና» አሉ።

ወንዞቹ የሚሞሉበት ጊዜ ነውና ነገሩ ተገቢ ነበር። እኔም ይሁን አልኩ።

መስቀል እንዳለፈ ወደ ጊሼ ተነሥተን እስከ ራቤል በአውቶቡስ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። እናቷ ደጃቸው ላይ ገብስ ያሰጣሉ። ጋሽ ክፍሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱና ልጅቷን ሊያዩ እንደ መጡ ተናገሩ። እናቷ ገብሱን መበተናቸውን አላቆሙም።

«ነሐሴ ላይ ሞተችብኝ» አሉ።

ከእስር ወጥታ ወደ ቀዬዋ ከተመለሰች በኋላ ዳግመኛ አርግዛ ኖሯል። ያስረገዛት ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ቀረ። ማንንም ሳታማክር ያንኑ ሥር ፈልጋ በራሷ እጅ አደረገችው። ሦስት ቀን በትኩሳት ነደደች።

«ጤና ጣቢያ በወሳንሳ እንውሰድሽ ብያት ነበር። እንደ ገና ያስሩኛል አለችኝ። እግሬን ይዛ ለመነችኝ» አሉ እናቷ።

ጋሽ ክፍሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ቆመዋል። «የፈረድኩባት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቄዎታለሁ። ችሎቱ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።»

አዲሱ ሕግ ምን እንደሚል ሊያስረዷቸው ጀመሩ። እናቷ አስቆሟቸው። «አሁን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለቀሩት ይንገሩ እንጂ» አሉና ውሃ ቀድተው ሰጡን። ጠጣን። በእግር እስከ ራቤል ተመለስን። አውቶቡሱ ውስጥ ለራሳቸው ያህል «ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ» እያሉ ወሮቹን ሲጠሩ ሰማኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሕግ ለመናገር ነገ ብለው አያውቁም። ችሎት ከመጀመሩ በፊት ለተሰበሰበው ባለጉዳይ ይናገራሉ። በገበያ ቀን ሴቶች ከሚቀመጡበት ጥግ ሄደው ይናገራሉ። በዕድር ስብሰባ ሲያነሡት ግን ብዙዎች ተቆጡ፤ ሰላምታ የነፈጋቸውም አለ። የነፍስ አባታቸውም በገዛ ቤታቸው፣ እኔ ባለሁበት ወቀሷቸው፤ ዳኛ ሆነህ ግድያ ትሰብካለህ ወይ አሏቸው።

«አባ፣ ኃጢአት አይደለም አላልኩም፤ እርሱን እርስዎ ያውቃሉ» ብለው መለሱ። «እኔ ሕጉ የሚለውን ነው የምናገረው። ፈርታ ቤቷ የሞተችውን ግን እኔም እጠየቅባታለሁ።»

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ሄዱ።

አንድ ቀን ሙግት እየተሰማ ሳለ አንዲት ሴት የወንድሟን ልጅ ይዛ ቢሮዬ ገባች። ልጅቷ ተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተደፍራ አርግዛለች። ጤና ጣቢያ የነበረው ባለሙያ የፍርድ ቤት ወረቀት ካላመጣሽ አልነካሽም ብሎ መልሷታል። በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለዳኛው አቀበልኩ። አንብበው ተከራካሪዎቹን ይቅርታ ጠየቁና ችሎቱን ለከሰዓት አዛወሩ። መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ከሴቶቹ ጋር በእግር ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ባለሙያው ወጣት ነበር፤ ደነገጠ።

«አትደንግጥ፣ ልቆጣህ አልመጣሁም» አሉት። «እዚህ ላይ አንብብ። ቃሏ ይበቃል ይላል። ፍርድ ቤት የሚጨምርላት ነገር የለም።»

አነበበ። እከሰሳለሁ ብሎ ፈርቶ እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጅቷ በዚያው ቀን ታከመች። እርሱም የጋሽ ክፍሌ ወዳጅ ሆነ።

በየዓመቱ «ዘንድሮስ?» ብለው ይጠይቁታል። ድሮ ሥር አስገብተው፣ የማይሆን ነገር ጠጥተው በትኩሳት የሚመጡት ሴቶች አልጋ ይሞሉ እንደ ነበር፣ እየቆየ እየቀነሱ እንደ ሄዱ ይነግራቸዋል። እርሳቸው ግን አይደሰቱም። «ቀነሰ አትበለኝ፤ የመጣችው አንዷ ከየት መጣች?» ይሉታል። ከዚያ የመጣችበትን ቀበሌ ስም ይዘው፣ ቆላም ቢሆን፣ ቅዳሜን ጠብቀው ይወርዳሉ። ሰዎች ደግሞ ሕጉ ከወጣ ወዲህ ማስወረድ በዛ እያሉ ሲከራከሯቸው አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ድሮ የምንቆጥረው ጤና ጣቢያ የሞተችውንና የታሰረችውን ነበር። ዛሬ በሐኪም እጅ የዳነችውም ትቆጠራለች። ቤቷ ሞታ የተቀበረችውን ግን ያኔም ማንም አልቆጠራት።»

ጡረታ ከወጡም በኋላ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ይህንኑ አደረጉ። ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ኩላሊታቸው ደክሞ ፊታቸው አብጧል። እንደ ማጽናናት ብዬ፣ ያኔ የፈረዱት በሕጉ ነው፣ ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር አልኳቸው።

«ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ልክ ነሽ» አሉ። «ክረምቱ ይውጣ ያልኩት ግን ሕግ አስገድዶኝ አይደለም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ያህል ዓመት ሳውቃቸው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ክፍሌ፣ በሕይወት ሳሉ ልነግርዎ ሲገባኝ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ያንን ፍርድ ስተይብ እርስዎ ያዘኑላትን ልጅ እኔ ንቄያት ነበር። እኔም ወጣት ነበርኩ፤ ራሷን ብትጠብቅ ኖሮ ብዬ ነበር በልቤ። ባናውን ሳደርስላት እንኳ ዓይኗን አላየሁም፤ በጠባቂው እጅ ሰጥቼ ተመለስኩ። አብሬዎት ጊሼ የሄድኩት እርስዎን ልረዳ መስሎዎት አመስግነውኝ ነበር፤ እኔ ግን ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። እናቷ ፊት እርስዎ ያለብዎትን ተናገሩ፤ እኔ ውሃውን ጠጥቼ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነው። አርባዎ ሲወጣ ወደ ጊሼ እሄዳለሁ፤ ለእናቷ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ብቻዬን ነው የምሄደው። እርስዎ ይረፉ፣ ጋሽ ክፍሌ። ብዙ መንገድ ሄደዋል።